እስከ ዓርብ የሚቆይ ወተት

«ወተት ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ግን ቅዝቃዜው ካልተቋረጠበት ነው። አንዴ ከተቋረጠበት፣ መልሳችሁ ብታቀዘቅዙትም ካቆመበት አይቀጥልም።»

ይህን ያለችን የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ብዙአየሁ ናት። ፍሪጁን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለችልን። ከሃምሳ ሁለታችን ፍሪጅ በዓይኑ ያየ ሦስት ልጅ ቢሆን ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ቁም ሣጥን ነው እንዴ?» አላትና ክፍሉ አውካካ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ደብተሩ ለእሳት ማያያዣ ሆነ፤ ቃሉ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ተረት ቢሆን ኖሮ «ከዕለታት አንድ ቀን» ብዬ እጀምር ነበር። የእኔ ግን ቀኑ ይታወቃል፣ ማክሰኞ ነው። አገሩም ይታወቃል፣ መተሐራ ነው፤ ጥላ ራሱ ጥላ የሚፈልግበት አገር። የምፈልገውም ትንሽ ነገር ነበር፦ ማክሰኞ የገዛሁት ወተት እስከ ዓርብ እንዲቆይልኝ።

ልጄ ትርሲት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ኩፍኝ ታማ ከተነሣች ወዲህ ገንፎ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። የእኔም ጡት፣ ታይፎይድ ከጣለኝ ጊዜ ጀምሮ ደርቋል። አባቷ ለሥራ ሰመራ ወርዷል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ልጄን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ፣ ቁጥሩን አየችና ካርዷ ላይ ጻፈች። «ጠዋትና ማታ ወተት፣ በደንብ አፍልተሽ። ሰኞ ሰኞ እያመጣሽ ትመዘናለች። እንዲህ እየቀነሰች ከቀጠለች አዳማ ሆስፒታል ነው የምልካት» አለችኝ። አዳማ የተላከውን የጎረቤቴን ልጅ አውቀዋለሁ። አልተመለሰም።

ወተት የምታመጣልን ፈጡማ ናት፤ ከገጠር፣ በገበያ ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ። ፍሪጅ ያላቸው ደግሞ አከራዬ እትዬ አሰገደች ናቸው። ፍሪጁ ሳሎናቸው ውስጥ ነው የቆመው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰው ላስቲክ አልተላጠለትም፣ አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የልጃቸው የፀዳለ ፎቶ። ከቤሩት ሆና የገዛችላቸው እሷ ናት። ማክሰኞ የወተት ጀሪካኔን ይዤ ደጃቸው ላይ ስቆም፣ «አስገቢው ልጄ፣ ምን ገዶኝ!» አሉኝ። አስገባሁት።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ኩባያ ቀድቼ ጣድኩ። ገና አረፋ ሳያወጣ ተቆራረጠ። ሌላ ኩባያ ቀዳሁ፤ እሱም ተቆራረጠ። ከዚያ ውስጥ ጠጠሩን በማንኪያ ለቅሜ፣ ውኃ ውኃውን ወደ ትርሲት አፍ አስጠጋሁ።

«ጠጪ እንጂ የኔ እናት።»

አልጠጣም አለች። በአፏ አይደለም ያለችው፣ በአንገቷ ነው።

ወተቱን፣ «ምነው እስከ ዓርብ ብትቆይልኝ?» ብለው፣ «ፍሪጁ ሳይበርድ በምን አንጀቴ ልቆይ?» አለኝ። ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ።

ጀሪካኔን አወጣሁና እጄን ፍሪጁ ውስጥ ሰደድኩ። ልብስ እንደተቆለፈበት ሣጥን ነው የሞቀኝ። «ምነው ብትበርድልኝ?» ብለው፣ «ስፒናዬ ወለል ላይ ተጋድሞ በምን ልብረድ?» አለኝ። ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ።

ጎንበስ ብዬ ስፒናውን አየሁት። ሁለት ጥርሱን አውጥቶ አቧራው ላይ ተኝቷል። «ምነው ግድግዳው ውስጥ ብትገባ?» ብለው፣ «የነቀለኝ እጅ ካልሰካኝ አልገባም» አለኝ። ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ፤ ስፒናው አልገባም አለ።

እትዬ አሰገደች በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ስፒናው ተነቅሏል።»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ አታይም? የዚያችን የማዶዋን ሴት ቴሌቪዥን እንደ ፈንዲሻ ነው ያፈነዳው። ስታቢላይዘሩ ተበላሽቶ ጋሽ ሱጌቦ ዘንድ ነው። እሱ ሳይመጣ አልሰካም።»

«ትናንት ታዲያ፣ አስቀምጪ ሲሉኝ…»

«ትናንትማ ለአንቺ ብዬ ትንሽ ነካ አድርጌልሽ ነበር እኮ! እስከ አሥር ሰዓት ተሰክቶ ነው የዋለው።»

ይህን ያሉት ውለታ እንደዋለ ሰው ነው። በእርግጥም ውለታ ነበር። እኔም አመሰገንኩ። ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ፤ ስፒናው አልገባም አለ፤ እትዬ አልሰካም አሉ።

ትርሲትን አዝዬ ጋሽ ሱጌቦ ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ ከጣሪያ እስከ ወለል ሆዱ የተዘረገፈ ራዲዮ። ጋሽ ሱጌቦ አንዱን ራዲዮ እንደሚያሸቱት አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ይዘውታል።

«የእትዬ አሰገደችን ስታቢላይዘር ብዬ ነበር።»

«ይኸውና። ሁለት ወር ሆነው። አንዲት ሽቦ ናት የተቃጠለችው፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። ግን ልጄ፣ ሽቦዋንና ጣቴን መለየት አቃተኝ። መነጽሬ ላይ ባለቤቴ ተቀመጠችበት።»

«ውይ! አልጎዳትም?»

«እሷማ ምን ትሆናለች? የተሰበረው መነጽሩ ነው! አዲሱ አዳማ ተሠርቶ አልቋል፣ ነስሩ ነው በመኪናው የሚያመጣልኝ። ነስሩ ካላመጣው አልሠራም።»

ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ፤ ስፒናው አልገባም አለ፤ እትዬ አልሰካም አሉ፤ ጋሽ ሱጌቦ አልሠራም አሉ።

ነስሩ የአዳማ ሚኒባስ ሹፌር ነው። መናኸሪያው ውስጥ፣ በመኪናው ጥላ ሥር፣ ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

«ጨጓራዬ ነው እህቴ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መሪ መያዝ አልቻልኩም።»

«ሐኪም ዘንድ አትሄድም?»

«ሐኪሙም አዳማ ሊሄድ መኪና እየጠበቀ ነው» አለና ሊስቅ ሲል አመመው። «እርጎ ነው የሚያበርድልኝ። አንድ ሁለት ኩባያ እርጎ ቢወርድልኝ ነገ በጠዋት አዳማ ነኝ። እርጎ ካላገኘሁ ግን አልነዳም።»

ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ፤ ስፒናው አልገባም አለ፤ እትዬ አልሰካም አሉ፤ ጋሽ ሱጌቦ አልሠራም አሉ፤ ነስሩ አልነዳም አለ።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ጭማቂ ቤት እርጎም ትሸጣለች። ባለቤቷ ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇን አወዛወዘች። «አልቋል! ፈጡማ ወተት የምታመጣው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ገዝተን፣ እሑድ አርግተን… ሰኞ ብትመጪ አታጪም።»

ሰኞ የሚዛን ቀን ነው።

እየተመለስኩ በየእርምጃዬ እደግመዋለሁ። ልጄ አልጠጣም አለች። ወተቱ አልቆይም አለ። ፍሪጁ አልበርድም አለ። ስፒናው አልገባም አለ። እትዬ አልሰካም አሉ። ጋሽ ሱጌቦ አልሠራም አሉ። ነስሩ አልነዳም አለ። እርጎው አልገኝም አለ። አንዳቸውም ክፉ አይደሉም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ክፉ ቢኖርበት እንኳ ቆሜ እሰድበው ነበር። ትርሲት ጀርባዬ ላይ ዝም ብላለች። ስትወጣ ታለቅስ ነበር፣ አሁን ግን አታለቅስም። የሚያለቅስ ልጅ ያደክማል፤ ማልቀስ የተወ ልጅ ግን ያስፈራል። ሁለቴ ቆሜ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

ቤት ስደርስ ጀሪካኑ ደጃፌ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠዋት የተውኩት ቦታ ቆሟል። ሰው ሳያየኝ ቦይ ውስጥ ልደፋው ነበር፤ ወተት መድፋት ነውር ነው። ዘነበልኩት። አልፈሰሰም። ደግሜ ዘነበልኩት፣ ከአፉ ላይ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ ቆመ። በጣቴ ቀመስኩት።

ረግቷል። የልጄ ወተት ሞቶ እርጎ ሆኗል።

መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በደንብ አፍልተሽ ተብያለሁና፣ ሳይፈላ ፀሐይ ላይ የረጋውን ለእሷ አልደፍርም። ለሰው ሆድ መድኃኒት የሆነው ለልጄ ሆድ የተገዛው ነው። ከዚያ ተነሣሁና ተሸክሜው ሄድኩ።

ነስሩ ጠጣ። ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሦስት ኩባያ ጠጣና፣ «አንቺ ልጅ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ሐሙስ በጠዋት ነዳ፤ መነጽሩ መጣ። ዓርብ ጋሽ ሱጌቦ ሽቦዋን ከጣታቸው ለዩዋት፤ ስታቢላይዘሩ ተሠራ። ዓርብ ማታ እትዬ ሰኩ፣ ስፒናው ገባ፣ ፍሪጁ እንደ ድመት እያንኮራፋ በረደ። ቅዳሜ ፈጡማ ወተት አመጣች፣ ወተቱ ገባ። ማታ አፈላሁት፣ አልተቆራረጠም፣ ልጄ ሩብ ኩባያ ጠጣች።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጣድኩት። ተቆራረጠ።

ሳሎኑ ውስጥ ገብቼ ወለሉን አየሁ። ስፒናው ተጋድሟል። አዲስ የተጠገነው ስታቢላይዘር አጠገቡ ተቀምጧል፣ እንደ ለቀስተኛ።

«እትዬ፣ ስታቢላይዘሩ ተሠራ አይደል?»

«ተሠራ። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ነሽ ያሠራሽልኝ።»

«ታዲያ ለምን…?»

«እሑድ አይደል እንዴ ልጄ? ይረፍ! እኔ በማልሠራበት ቀን እሱ በማን ዕዳ ይሠራል? ሌሊትም አሳርፈዋለሁ። የሚያርስ በሬ እንኳ ማታ ይፈታል።»

የቲቸር ብዙአየሁ ቃል አፌ ላይ መጣ። ካቆመበት አይቀጥልም፣ ልል ነበር። ግን ቤቱ የሰው ነው፣ ፍሪጁም የሰው ነው። እኔ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል የቀረሁ ልጅ ነኝ። ዋጥኩት።

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ የፍሪጁን ላስቲክ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ፀዳለ ስትመጣ አዲሱን እንዳለ ታግኘው ብዬ ነው። ድምጿ ከጠፋ ስምንት ወሯ። ልትመጣ ስትል ነው እንዲህ የምትጠፋው።» ፎቶውን አቃኑት። አልተጣመመም ነበር።

ልጄ አልጠጣም አለች፤ ወተቱ አልቆይም አለ፤ ፍሪጁ አልበርድም አለ፤ ስፒናው አልገባም አለ፤ እትዬ አልሰካም አሉ፤ ፀዳለ አልመጣም አለች። ከዚህ ወዲያ ወደ ማን ልሂድ? ነስሩ ቤሩት አይነዳም።

ያን ቀን አጥሚት በማንኪያ ሰጠኋት። ሦስት ማንኪያ ዋጠች፣ ሁለቱን መለሰችው።

ሰኞ ሲስተር ትርሲትን ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለቻት። ቁጥሩን አየች። አውርዳ እንደገና አንጠለጠለቻትና እንደገና አየች። ካርዱ ላይ ስትጽፍ ቀና ብላ አላየችኝም። «የሚመጣው ሰኞ የመጨረሻ ነው» አለች። «ልብሷን ይዘሽ ነይ።»

እንዴት ወደ ቤት እንደመጣሁ አላውቅም። እትዬ አሰገደች በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ምን አሉሽ ውድነሽ?»

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ነይ፣ ፍቻት። ፊትሽን ታጠቢ። ለእኔ ስጪኝ።»

አንቀልባውን ፈትቼ በፎጣ እንደተጠቀለለች ሰጠኋቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸውን አጠንክረው ተቀበሏት፤ ሲቀበሏት ግን፣ ሙሉ መስሎት ባዶ ጀሪካን እንደሚያነሣ ሰው፣ እጃቸው ወደ ላይ ዘለለ።

ቆሙ። ዝቅ አድርገው መዘኗት። ደግመው ከፍ አደረጓት።

«ልጂቷ የታለች?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ውድነሽ፣ ፎጣውን ብቻ ነው እኮ የሰጠሽኝ።»

ትርሲት በአንድ ጣቷ የነጠላቸውን ጥለት ያዘች።

«ፀዳለ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ቀልላብኝ ነበር» አሉ። «በጎረቤት ላም ወተት ነው የዳነችው። ስድስት ወር ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ። ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ፣ ላሜ ዛሬ ትረፍ አላለችኝም።»

ያን ጊዜ ነው የወጣኝ። የዋጥኩት ሁሉ እንደነበረ ወጣ። «እትዬ፣ ፍሪጅ እንደ በሬ አይደለም። ወተቱ ሦስት ቀን የሚቆየው ቅዝቃዜው ካልተቋረጠበት ነው። ሌሊትም፣ እሑድም። አንዴ ከተቋረጠበት ካቆመበት አይቀጥልም።»

«ማነው ያለሽ?»

«አስተማሪዬ።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ጋሽ ሱጌቦን፣ ነስሩን፣ ሰውን ሁሉ ስትዞሪ የከረምሽው? ለእኔ አንዲት ቃል ሳትነግሪኝ?»

«የሰው ቤት ነው ብዬ ነው።»

«ወይ አንቺ ልጅ! ወይ አንቺ ልጅ…»

ትርሲትን በአንድ ክንዳቸው እንዳቀፉ ሳሎን ገቡ። ጎንበስ ብለው ስፒናውን ከአቧራው አነሡ፣ በከንፈራቸው እፍ አሉት፣ ሰኩት። ፍሪጁ ማንኮራፋት ጀመረ። ከዚያ በጥፍራቸው የላስቲኩን ጫፍ ፈልገው ያዙና ሳቡት። ሲላጥ እንደሚቀደድ ጨርቅ ጮኸ፤ ትርሲት ደንግጣ ቀና አለች። እትዬ የፀዳለን ፎቶ እያዩ ነበር።

«ስትመጣ ያረጀ ታግኘው» አሉ። «ልጅ ያሳደገ ይሁን።»

ማክሰኞ ፈጡማ መጣች። ጀሪካኑን በፈላ ውኃ አጥቤ ወተቱን ሞላሁት። ከሲስተር የለመንኳት የቁስል ፕላስተር ነበረችኝ፤ የእትዬን እስክሪብቶ ተውሼ «ማክሰኞ» ብዬ ጻፍኩባትና ጀሪካኑ ላይ ለጠፍኳት። ከፊርማዬ ሌላ አንድ ነገር ከጻፍኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ «ኞ» ላይ ቆም ብዬ ፊደሏን አስታወስኩ።

ስፒናው ገባ፤ እትዬም አልነቀሉም። ረቡዕ ወተቱ ቆየ። ሐሙስ ቆየ። ሐሙስ መብራት ለአንድ ሰዓት ጠፋ፤ እትዬ ማንም ፍሪጁን እንዳይከፍት በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡበት። ዓርብ ጠዋት የመጨረሻውን ኩባያ ቀድቼ ጣድኩ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አረፋው ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ነጭ እንደሆነ ወጣ። አልተቆራረጠም።

እትዬ ስለሰኩ ስፒናው ገባ፤ ስፒናው ስለገባ ፍሪጁ በረደ፤ ፍሪጁ ስለበረደ ወተቱ ቆየ፤ ወተቱ ስለቆየ ልጄ ጠጣች። ግማሽ ኩባያ ጠጥታ በእጇ ገፋችው። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች መሰለኝ፣ መልሳ ሳበችው።

ሰኞ ገና አልደረሰም። ሚዛኑ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ልብሷን አጥፌ በፌስታል አዘጋጅቻለሁ። ፀዳለም አልደወለችም። እትዬ ማታ ማታ ፍሪጁ ሲያንኮራፋ ይሰማቸዋል፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ያደርጋል፣ ግን አይነቅሉትም።

ባዶውን ጀሪካን አጠብኩ። «ማክሰኞ» የምትለውን ፕላስተር ላጥኩ። ከቀረችኝ ላይ ቆረጥ አድርጌ «ቅዳሜ» ብዬ ጻፍኩና፣ እንዳትላጥ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ለጠፍኳት።